ማህተሙ ወደ ቆላ ይውረድ

ኮኪት ላይ ቆማችሁ «ውጭ አገር በየት በኩል ነው?» ብትሉ ልጆቹ ሳያስቡ ወደ ምዕራብ ያሳዩአችኋል። ከገንዳ ውሃ የሚወርደው አስፋልት ከተማዋን አቋርጦ መተማ ዮሐንስ ይገባል፤ ከዚያ ድልድዩ ነው፤ ከድልድዩ ማዶ የሱዳኗ ገላባት። ከገላባት ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከገዳሪፍ ካርቱም ደግሞ ከ400 ጥቂት ቢዘል ነው። ሁሉም ተደምሮ 600 ቢሞላ ነው። አዲስ አበባ ግን በባሕር ዳር በኩል 900 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትርቃለች። ለቆላው ሰው ከራሱ ዋና ከተማ ይልቅ የጎረቤቱ ዋና ከተማ ትቀርበዋለች።

እንዲያም ሆኖ ውጭ አገር ልማር ያለ የኮኪት ልጅ ጉዞውን የሚጀምረው ለድንበሩ ጀርባውን ሰጥቶ ነው። ሽቅብ ወደ ገንዳ ውሃ፣ ወደ ነጋዴ ባሕር፣ ወደ አይከል፣ ወደ አዘዞ፤ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ መጨረሻ ላይ ቦሌ። ስለ ውጭ አገር ትምህርት የሚጻፈው ሁሉ ከቦሌ በኋላ ስላለው ነው፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ባይተዋርነቱ፣ ስለ እንጀራ ናፍቆቱ። ሰዎቹ ጽፈውታልና እኔ አልደግመውም። የኮኪት ልጅ የሚሄደውም የሚቀረውም ከቦሌ በፊት ባለው መንገድ ላይ ስለሆነ ዛሬ የማወራው ስለዚያ ነው።

የእህቴ ልጅ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደብረሰን ወደምትባል የሃንጋሪ ከተማ ለሁለተኛ ዲግሪ ሄዷል። (እናቴ የከተማዋን ስም ስትሰማ ገዳም መስሏት «ታቦቱ የማነው?» ብላ ጠይቃለች። ማንም ደፍሮ አላረማትም።) አባቱ ሰሊጥ አምራች ነው። በቴሌቪዥን የሚታየው ዓይነት ባለሀብት እንዳይመስላችሁ፤ ክረምት ሲገባ ተበድሮ የሚዘራ፣ አጨዳ ሲደርስ ለሳሉግ (ለቀን ሠራተኛው) የሚከፍለው ፍለጋ የሚንከራተት፣ ሂላው (የታጨደው ሰሊጥ ክምር) ሳይራገፍ ዝናብ እንዳይመጣበት ሰማይ ሰማይ የሚያይ ገበሬ ነው። ልጁ ዕፅዋት ሳይንስ ያጠናውም የአባቱን ሰሊጥ ነቀዝና በሽታ ሲበላው እያየ ስላደገ ነው።

ልጁ የተመረቀው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰጠበት፣ ከተፈተኑትም ግማሹ እንኳን ያላለፈበት ዓመት። እሱ አለፈ። ቤተሰቡ በግ አረደ። ወር ሳይሞላ በሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ተነሳ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ተቋርጦም ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቆየ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጀምረው። የሃንጋሪ መንግሥት «ስቲፔንዲየም ሀንጋሪኩም» የሚባል የነፃ ትምህርት ዕድል አለው። ማመልከቻው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ኢንተርኔት ነው። ማብቂያው ደግሞ እኛ ጥምቀትን ለማክበር ጉድ ጉድ በምንልበት ሰሞን ላይ ይውላል። ኮኪት ያለ ልጅ በዚያ ጥር ምን ያድርግ? ጎንደር ሄዶ እንኳን ዋስትና የለውም፤ ባንክና ትልልቅ መሥሪያ ቤት ያለች ጥቂት መስመር ካልሆነች በቀር ከተማው ሁሉ ጨለማ ነበር። ልጁ አንዲት ቁልፍ ለመጫን፣ በእነሱ አባባል «ሰብሚት» ለማድረግ፣ አዲስ አበባ እኔ ቤት ድረስ መጣ።

ከመተማ አዘዞ ያለው መንገድ በእገታና በተኩስ ስሙ መነሳት ከጀመረ ዓመታት ሆኖታል። ኮኪት ራሷም ብዙ ሰው ስሟን የሰማው በጥር 2011 ዓ.ም. ነው፤ በመከላከያ ሠራዊት ታጅበው የሚያልፉ የግንባታ ማሽኖችን ተከትሎ በተነሳው ግርግር እዚያና ገንዳ ውሃ ላይ ሰዎች በጥይት በሞቱ ጊዜ። ከዚያ ወዲህም የመጣ ደህና ዜና የለም። እህቴ ልጇ ጎንደር ደረስኩ ብሎ እስኪደውል እህል አልቀመሰችም። በጎጃም በኩል ያለው መንገድ ያኔ አስተማማኝ ስላልነበረ ከአዘዞ በአውሮፕላን መጣ። የመጀመሪያ የአውሮፕላን ጉዞው ነበር። ቤቴ ሲደርስ ስለ አውሮፕላኑ አንድም ነገር አላወራኝም፤ የመጀመሪያ ጥያቄው «ጋሼ፣ ዋይፋዩ የይለፍ ቃል አለው እንዴ?» የሚል ነበር።

ማመልከቻው ተላከ። የእኔም ትምህርት ያኔ ጀመረ፤ ሰው ወደ ውጭ የሚሄደው በእግሩም በአውሮፕላንም ሳይሆን በወረቀት መሆኑን ያወቅሁት በእሱ ነው።

ከወረቀቶቹ አንዱን ብቻ ላውራችሁ፤ የልደት ሰርተፍኬቱን። በአገራችን ወሳኝ ኩነት በወጉ መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ፣ ያውም ቆላ ላይ፣ የልደት ወረቀት የሚያገኘው ካደገ በኋላ በምስክር ነው። ምስክሮቹ ክረምቱን ያስታውሳሉ፣ ዝናቡ የዘገየበትን ዓመት ያስታውሳሉ፣ ቀኑን ግን ማን ያስታውሳል? ጸሐፊው መስከረም 1 ብሎ ይሞላዋል። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሌላ ሰው ደግሞ ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲለውጥ ሰባት ዓመት በመጨመር ፈንታ ስምንት ይጨምራል። የአባቱ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ዘንድ አንድ «ኤል» አለው፣ ሌላው ዘንድ ሁለት። በአማርኛ አንድ የሆነው ልጅ በፈረንጅኛ ሁለት ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል።

አዲስ አበባ አንድ መስኮት ላይ ልጁ መታወቂያውንም ዲግሪውንም ይዞ በአካል ቆሞ ሳለ «የእኔ ወንድም፣ ይሄ እኮ ሌላ ሰው ነው» ተባለ። ሠራተኛዋ ክፉ አልነበረችም፤ ያስተማሯትን ነው ያደረገችው። «ከመጣህበት አስተካክለህ ና» አለችው። ከመጣበት ማለት 900 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ያውም ለአንዲት ፊደል።

አባትየው እዚያው ቆላ ላይ ማስተካከያውን ለማስጻፍ ተነሳ። ፋይሉ ጠፋ ተባለ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ እያዘነች ፈለገች፣ አላገኘችም። ልጁ ያኔ ስልኩን አውጥቶ የልደት ሰርተፍኬቱን ፎቶ ላከ፤ የመዝገቡ ቁጥር በግልጽ ይነበባል፤ ፋይሉም በቁጥሩ ተገኘ። ማስተካከያው ተጻፈ። ነገር ግን ማህተሙን የያዙት ሰው በጸጥታው ምክንያት ከተማ ገብተዋል፤ ማህተሙም አብሯቸው ሄዷል። ሰሊጥ አምራቹ አማቼ የአንድ ክብ ማህተም አሻራ ለማግኘት ሁለት ከተማ ሲመላለስ ከረመ። የራስጌ ማህተም የሌለው ደብዳቤ ይዞ መጥቶ እንደገና የተመለሰበትም ጊዜ አለ። መሥሪያ ቤቱን አልጠቅስም፤ የሌላውም ከዚያ የተሻለ ስላልሆነ አንዱን ነጥሎ ማማት ግፍ ነው።

ያ ፎቶ ከየት መጣ? ከሱዳን ነው የመጣው።

የሱዳኑ ጦርነት የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ለእኛ ቀዳም ሥዑር ነበር። ልጁ ለፋሲካ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤቱ መጥቶ ነበር። የበዓሉ ሳምንት ሳያልቅ መተማ ዮሐንስ በሰው ተጥለቀለቀች። ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችና የቀን ሠራተኞች፣ ሱዳናውያን ቤተሰቦች፣ ቱርኮች፣ ኬንያውያን፣ ሶማሌዎች፤ ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት በዚያ በር የገቡትን ሲቆጥር ከ60 በላይ አገር ዜጎች ሆነው አገኛቸው። ከእነዚያ መካከል ተማሪው ብዙ ነበር። ካርቱም ከድሮም የትምህርት ከተማ ናት። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተሰደዱ ወጣቶቻችን ከካርቱም አጠገብ ሶባ ላይ የጦር ትምህርት ተምረዋል፤ በኮምቦኒ ኮሌጅ ስንት የሐበሻ ልጅ አልፏል፤ ዓለም አቀፉ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከሶማሊያም ከኬንያም ከእኛም አገር ተማሪ ይሰበስብ ነበር። ትምህርት ብሎ የሄደው ሁሉ ቦርሳውን አንግቶ በኮኪት በኩል ተመለሰ።

እህቴና ጎረቤቶቿ በጀሪካን ውሃ ይዘው መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ያ ወር ቆላው የሚነድበት ወር ነው። ከአንዱ መኪና የወረደ ሱዳናዊ ወጣት ውሃውን ተቀብሎ ጠጣና እንጀራውን ሳይነካ ስልኩን ዘረጋ፤ ቻርጀር ነው የሚፈልገው። የእህቴ ልጅ በገበያ ዓረብኛው ጠየቀው። የሕክምና ተማሪ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲተኮስበት ሬጅስትራሩ ተዘግቷል፤ እጁ ላይ አንድም ወረቀት የለም፤ ያለው ሁሉ ስልኩ ውስጥ ነው፤ የእያንዳንዱ ሴሚስተር ውጤት፣ የፓስፖርቱ ገጽ፣ የክፍያ ደረሰኙ ሳይቀር በፎቶ። ስልኩ ከሞተ እሱም እንደሞተ ነው የቆጠረው። መብራት ያለበት ቤት ወስደው ሰኩለት፤ እሱም ከስልኩ አጠገብ ሳይነሳ ተቀመጠ። በግንቦት የኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ የሚል ዜና ስንሰማ ያ ወጣት ለምን እንደዚያ እንደሆነ ገባን።

የእህቴ ልጅ በዚያው ሳምንት ያለውን ወረቀት ሁሉ ፎቶ አነሳ። የእናቱን ሳጥን ከፍቶ፣ በፌስታል የተጠቀለለውን የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ ሳይቀር። ከዓመት በኋላ የጠፋውን ፋይል ያስገኘው ያ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደግ አይሆንም። በዚያው ክረምት የሩዋንዳ ዩኒቨርሲቲ ከካርቱሙ የሕክምና ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተሰደዱ ተማሪዎችን ከነመምህራኖቻቸው ተቀብሎ ትምህርታቸውን አስቀጠለ። ሩዋንዳ ከሱዳን ጋር ድንበር የላትም። ከሱዳን ለሚሸሽ ተማሪ ከቅርብ በሮች አንዱ የእኛ ነበር፤ ከበሩ ሽቅብ ሲወጡ ደግሞ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ የምታሠለጥን ጎንደር ነበረች። ከወራት በኋላ የእኛም ቤት ተቃጠለና ምክንያት አገኘን እንጂ፣ በሚያዝያና በግንቦት ያሰብንበት አልመሰለኝም።

ወረቀት እንዲህ ሰው ላይ የሠለጠነው ከመቼ ወዲህ ነው? ከጎንደር አካባቢ ቀድመው ለትምህርት አውሮፓ ከረገጡት አንዱ ታምራት አማኑኤል ነው፤ ከቤተ እስራኤል ወገን። አሥመራ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ሲማር ዣክ ፋይትሎቪች የተባለ ሰው አገኘውና በ1897 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ይዞት ሄደ። ቀጥሎ ፍሎረንስ ተማረ። ተመልሶ አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት መራ፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላም አገሩን አገለገለ፣ ስለ ኢትዮጵያ ደራሲዎችም ጻፈ። የታምራት ትራንስክሪፕት ፋይትሎቪች ነበር፤ ሰውየው «ይህ ልጅ ጎበዝ ነው» አለ፣ በቃ። ያ ዘመን ይመለስ አልልም፤ ለአንዱ ታምራት ዋስ የተገኘለት ሺህ ታምራት ያለ ዋስ ቀርቶ ነው። ዛሬ ወረቀቱ ዋስ የሌለው ልጅ ዋስ መሆን ነበረበት። የድሃ ልጅ የመጣበትን ሳይጠይቁ ውጤቱን እንዲያዩለት የተፈጠረ ነገር ነው። እኛ ግን ዋስ የሚያስፈልገው ወረቀት ሠራን።

ከማህተሙ በኋላ ዕዳው አለ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን ካልከፈለ ዋናው ዲግሪው አይሰጠውም፤ እጁ ላይ ያለችው ጊዜያዊዋ ናት። ደንቡን አልቃወምም፣ አገር ያስተማረችውን ልታስከፍል ይገባል። ብቻ ሠርቶ ይክፈል የተባለ ልጅ ሥራ ሳይኖረው በአንድ ጊዜ ቁጭ አድርግ ሲባል የሚከፍለው አባቱ ነው፤ አባቱም የሚከፍለው ከሰሊጡ ነው። የሰሊጥ ገንዘብ ደግሞ በብር ነው የሚቀመጠው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ስኮላርሺፑ የትምህርት ክፍያውንና ወርኃዊ ድጎማውን ይሸፍናል፣ የአውሮፕላን ቲኬት ግን አይሸፍንም። አማቼ ለቲኬት ብሎ ያስቀመጠው ገንዘብ ሐምሌ ሲጀምር ይበቃ ነበር፤ ነሐሴ ላይ አልበቃም። አንድ በሬ ተሸጠ። እህቴ ስለ በሬው ስታወራ እስከ ዛሬ ድምፅዋ ይለወጣል፤ ስለ ልጇ ስታወራ ግን አይለወጥም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አልፎ የሄደ አንድ ልጅ ነው። ያልሄዱትስ? ይህን ዓምድ የምጽፈው ለእነሱ ነው። ኮኪት ውስጥ ከእህቴ ልጅ የበለጠ ጎበዝ የነበሩ ልጆች እንዳሉ እሱ ራሱ ነግሮኛል። አዲስ አበባ የሚያሳድር አጎት የሌላቸው፣ የሚሸጥ በሬ የሌላቸው፣ ማህተም ፍለጋ የሚመላለስላቸው አባት የሌላቸው። አንዱ አመልክቶ፣ ደብዳቤው መጥቶለት፣ ወረቀቱ በወቅቱ ሳይረጋገጥ ቀርቶ ዕድሉ አልፎታል።

ወረቀት እምቢ ያለውን ልጅ ግን የሚቀበለው ሌላ መንገድ አለ፤ ያውም ከጓሮው። መተማ ዮሐንስ ወደ ሱዳን፣ ከሱዳን ወደ ሊቢያ፣ ከሊቢያ ወደ ባሕሩ ከሚወስዱት በሮች አንዷ ሆና የኖረች ከተማ ናት። ለዚያ መንገድ የልደት ሰርተፍኬት አያስፈልግም። ስምህ በአንድ «ኤል» ይጻፍ በሁለት የሚጠይቅህ የለም። ፋይልህ ጠፋ፣ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ተመለስ የሚልህ የለም። ደላላው ቤትህ ድረስ ይመጣል፣ ሻይ ይጋብዝሃል፣ ዛሬ ማታ ተዘጋጅ ይልሃል። ገንዘቡን የሚጠይቀው ሊቢያ ላይ በስልክ እያስለቀሰ ነው። በሕጋዊው መንገድ ላይ የምንደረድረው እያንዳንዱ ጋሬጣ ለዚያ ሰው የምናደርገው ድጋፍ ነው። ሌላኛው ደላላ ደግሞ ከተማ ላይ አለ፤ «ስኮላርሺፕ አስጨርስልሃለሁ» የሚለው፣ በነፃ የሚሞላ ፎርም በሺዎች ብር የሚሸጠው። የሁለቱም እንጀራ የሚጋገረው በእኛ ቢሮ ርቀት ላይ ነው።

ይህን ሳነሳ ከሹማምንቱ የምሰማው መልስ አንድ ነው፤ ሐሰተኛ ሰነድ በዝቷል፣ ማረጋገጡን ወደ ታች ካወረድነው ማን ይቆጣጠረዋል? እውነት አላቸው፣ ሐሰተኛ ዲግሪ የአገር በሽታ ሆኗል። ነገር ግን የሐሰተኛ ሰነድ ገበያ የደራው ወረቀት ሩቅ ስለሆነ ጭምር ነው። እውነተኛውን ለማግኘት ወር የሚፈጅበት፣ ሐሰተኛውን በአንድ ከሰዓት የሚያገኝ ወጣት የቱን እንደሚመርጥ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ደግሞስ የአዲስ አበባው መስኮት በምን ያረጋግጣል? ከመዝገብ ጋር አመሳክሮ ነው። መዝገቡ ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ ማመሳከሪያው ገንዳ ውሃ ቢሆን ምን ይጎድላል? ፋይዳ መታወቂያ ገጠር ድረስ እየወረደ የሰውን ጣትና ዓይን ከመዘገበ፣ የአንድን ልጅ የፈተና ውጤት ዞን ላይ ማየት የሚያቅት ነገር አይደለም። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ሲከፈል የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ገንዳ ውሃ የሆነው እኮ ሕዝቡ አገልግሎት ፍለጋ ደጋ እንዳይወጣ ተብሎ ነው። ወንበሩ ወረደ፣ መኪናው ወረደ፣ አበሉ ወረደ። ማህተሙ ብቻ ደጋ ቀረ።

«ከሄዱ አይመለሱም» የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ባቆየው ደስ ይለኛል። በአጭሩ፣ ክልሉ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ በሆኑበት ዘመን፣ ተምሮ ውጭ የቀረ ልጅ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሰው አይደለም።

ስለ መድረሱም ትንሽ ልበል፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነውና። ቪየና ላይ ወርዶ በባቡር ቡዳፔስት፣ ከቡዳፔስት ደግሞ ወደ ምሥራቅ ወደ ደብረሰን ሄደ። መንገዱ ሁሉ ሜዳ ነው፤ የሃንጋሪ ታላቁ ሜዳ የሚሉት። መስከረም ላይ የደረቀ ሱፍና በቆሎ እርሻው ላይ ቆሞ ነበር። የመጀመሪያ ስልኩ ላይ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቆላ ነው፤ ኮረብታ የሚባል የለም፣ ከብቱም እንደኛው ሜዳ ለሜዳ ነው የሚሄደው» አለኝ። ደጋ ወጥቶ የማያውቅ ይመስል፣ ጎንደርንም አዲስ አበባንም ከአውሮፓ ይልቅ እንግዳ አድርጎ ነው የቆጠራቸው።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ወረቀቱን የተቀበለችው ሴት ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ ኮምፒዩተሯ ላይ ያለውን አየት አድርጋ፣ ስካን አድርጋ መለሰችለት። ስንት ሰው የተንከራተተበትን ክብ ማህተም አላየችውም። «ያን ሁሉ ማህተም ምን ላድርገው?» አለኝ። አስቀምጠው አልሁት፤ ስትመለስ እኛ እንጠይቅሃለን።

ወርኃዊ ድጎማው 43,700 ፎሪንት ነው፤ በዩሮ መቶን አልፎ ጥቂት ቢሆን ነው። ይበላበታል፣ ይላክበታል ማለት ግን ዘበት ነው። ኮኪት ያሉ ዘመዶቹ ይህን አያምኑም፤ ፈረንጅ አገር ያለ ሰው ገንዘብ አጣሁ ሲል ማን ሰምቶት ያውቃል? ለገና አንድ የሠፈሩ ሰው የሶላር ፓኔል እንዲልክለት በእህቴ በኩል መልእክት ልኳል። ኅዳር ላይ በረዶ ሲጥል እናቱ የሰጠችውን ጋቢ ለብሶ ክፍል እንደገባ፣ ሳቅ ሳይሆን ጥያቄ እንደገጠመው ነግሮኛል፤ የት ይገዛል ብለውት። አሁን የሚያጠናው የሰሊጥን ጉዳይ አይደለም፤ ሰሊጥ እዚያ የለም። ስለ ድርቅና ስለ አፈር ነው። የሚጠቅመውን እሱ ያውቃል።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። ለትምህርት ሚኒስቴርና ለክልሉ ትምህርት ቢሮ፦ የትምህርት ማስረጃ ማረጋገጫ መስኮት ገንዳ ውሃ ላይ ክፈቱ፤ ካልቻላችሁ ደግሞ በዓመት ሁለቴ፣ ማመልከቻ ከሚዘጋበት ወር በፊት፣ ሠራተኛና ኮምፒዩተር ይዛችሁ ውረዱ። ለቆላው ትምህርት ቤቶች ርዕሳነ መምህራን፦ ሮስተሩን ፎቶ አንስታችሁ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ ጦርነት ሲመጣ መጀመሪያ የሚቃጠለው መዝገብ ቤት ነው። ለስም ጸሐፊዎች፦ የልጁን ስም በላቲን ፊደል ስትጽፉ የቀድሞ ወረቀቱን አይታችሁ ጻፉ። ለወላጆች ደግሞ፣ በተለይ ኮኪት፣ ገንዳ ውሃና መተማ ዮሐንስ ላላችሁ፦ የልጃችሁን ካርድ ዛሬ ማታ ከሳጥን አውጡት፣ ሁለቱንም ገጽ በስልክ አንሱት፣ ከተማ ላለ አንድ ዘመድ ላኩለት። የሃንጋሪው ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ በጥር የመጀመሪያው ሳምንት አካባቢ ይዘጋል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጠየቀን የሚላችሁ ካለ ደላላ ነው።